የግብር መዝገብና የዙፋን ዕድሜ፦ የጎጃም አገረ ገዥነት ታሪክ

ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ሳይደረስ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ወደ ሰሜን የሚገነጠለው መንገድ ወደ ፈረስ ቤትና ደጋ ዳሞት ይወጣል። በደቡብ በኩል አገሩ እየቆላ ሄዶ ዓባይ ሸለቆ ይገባል። ጤፉና በቆሎው የሚበቅልበት ይህ አገር ለሥልጣን ሁልጊዜ ያጓጓ ነበር። የጎጃም መሳፍንት ጦር፣ የጣሊያን ወታደር፣ የንጉሠ ነገሥቱ አጀብ፣ በመጨረሻም ግብር ገማቹ በዚሁ መስመር ተመላልሰዋል።

የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ አገዛዝ የወደቀበትን ቀን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መስከረም 2 ቀን 1967። በዚያ ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ። ይህ ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ዙፋኑ ገበሬውን የሚያገኝበት እጅ አገረ ገዥነት የሚባለው ተቋም ነበር፤ ያ እጅ በጎጃም ገጠር ሥራውን ያቆመው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። አገዛዝ እንዴት እንደሚያረጅና እንደሚፈርስ ማየት የሚፈልግ ሰው ከአዲስ አበባው ግርግር ይልቅ የዚህን ተቋም ታሪክ ቢከተል ብዙ ይማራል።

ርስቱ የገበሬው፣ ጉልቱ የንጉሡ

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ነበር። አንድ ሰው አገሩን መጀመሪያ ካቀናው ዋና አባት የሚወለድ መሆኑን ቆጥሮ ካስረዳ ድርሻውን ይጠይቃል። ከዋናው አባት በታች ምንዝር አባቶች አሉ፤ መሬቱ በነርሱ ስም ይከፈላል፣ በመካከሉም ዕጣ ይጣላል። የየአባቱን ድርሻ የሚቆጣጠር፣ በክርክር ጊዜ ለወገኑ የሚቆም ፈጅ የሚባል ሰው ነበር። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው ይህንኑ ሥርዓት ነው፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል።

ክርክሩ ብዙ ነበር። አንድ ማሳ ላይ ሁለትና ሦስት ተወላጅ ዘሩን ይቆጥራል፤ ምስክር ይጠራል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ጉዳዩ ዓመታት ይፈጃል። ነገር ግን ክርክሩ ሁሉ አንድ እምነት ላይ የቆመ ነበር፤ መሬቱ የአባቶች ነው፣ ማንም ባለሥልጣን ተነሥቶ ሊነቅለን አይችልም የሚል። ከርስቱ በላይ ጉልት ነበር። ጉልት ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር የመብላትና በነዋሪው ላይ የመዳኘት መብት ነው፤ ንጉሡ ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ይሰጠዋል። ባለ ጉልቱ ይሻራል፤ ባለ ርስቱ ግን ይቀመጣል።

በዚህ ሁለት ፎቅ ሥርዓት ውስጥ አገረ ገዥው መካከል ላይ ይቆማል። ወደ ላይ ለንጉሠ ነገሥቱ ግብር ያገባል፣ ጦር ያሰልፋል። ወደ ታች በጭቃ ሹሙ በኩል ገበሬውን ያስገብራል፣ አቤቱታውንም ይሰማል። የተቋሙ ዕድሜ የተመሠረተው በሁለቱ ሥራዎች ሚዛን ላይ ነበር።

የአገሩ ቤት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጎጃምን የገዙት ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ የወለተ እስራኤል ልጅ ነበሩ። በዘመነ መሳፍንት ጎንደር ላይ ነገሥታት ሲነሡና ሲወድቁ የጎጃም ገዥነት በተወላጅ መሳፍንት እጅ ቆየ። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴና ልጃቸው ብሩ ጎሹ ለተመሳሳይ ግዛት እርስ በርስ እስከ መዋጋት ደርሰዋል። ደጃዝማች ጎሹ በኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ ከደጃዝማች ካሣ፣ ከኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ጎጃምን ሙሉ በሙሉ ሊያስገብሩት አልቻሉም፤ ጎጃሜው ተድላ ጓሉ እስከ መጨረሻው እንደ ሸፈቱ ኖሩ።

የቤቱ ከፍታ ጥር 1873 ነው። ራስ አዳል ተሰማ በዐፄ ዮሐንስ እጅ ተቀብተው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፣ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆኑ። ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረው ከተማቸውም ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለ። ከፍታው ግን ብዙ አልቆየም። በግንቦት 1874 እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፣ ቆስለውም ተማረኩ። በ1881 ደግሞ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋር ተማክረዋል ተብሎ የዐፄ ዮሐንስ ጦር ጎጃምን አጠፋው፤ እህሉና ከብቱ ተዘረፈ፣ መንደሩ ተቃጠለ። ይህን ያህል የደረሰበት አገር በ1888 ከንጉሡ ጋር ዓድዋ ዘመተ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጥር 1893 ሲሞቱ ምኒልክ ጎጃምን ለአንድ ሰው መልሰው አልሰጡም፤ ከፋፈሉት። የጎጃም ንግሥና በዚያው አበቃ፤ ከዚያ በኋላ የተሾመ ሁሉ ራስ ወይም ደጃዝማች እንጂ ንጉሥ አልሆነም። ማዕከላዊው መንግሥት አንድ ትልቅ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ።

ራስ ኃይሉና የ1924 ሽረት

የንጉሡ ልጅ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ቤቱን እንደገና አጸኑት። የአገር ተወላጅ ገዥ ሁሉ ለገበሬው ይራራ ነበር የሚል አለ፤ የራስ ኃይሉ ዘመን ይህን አይደግፍም። ሹመት በገንዘብ ይሰጡ ነበር፤ የግብሩንና የመዋጮውን ዓይነት አበዙት፤ ያከማቹትንም ሀብት አዲስ አበባ ድረስ ንግድ ላይ አዋሉት። በ1916 ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን፣ ከኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ጋር አውሮፓን ጎብኝተዋል። ገበሬው በእርሳቸው ተማርሮ ነበር።

በ1924 ቀድሞ ከሥልጣን የተሻሩት ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስራቸው ሲያመልጡ ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተባሉ። ተከሰሱ፣ ተፈረደባቸው፣ ሀብታቸው ተወረሰ። በቦታቸው የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ዘመድ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሾሙ። ራስ እምሩ በግላቸው ቅን ሰው እንደነበሩ ይነገርላቸዋል። የተለወጠው የተቋሙ ባሕርይ ነው። ከዚህ በኋላ የጎጃም ገዥ ማለት ከአዲስ አበባ የሚላክ ሰው ሆነ፤ ቢያጠፋ የሚጠየቀውም እዚያው ላከው ዘንድ ብቻ ነው። የድሮው ገዥ ጨካኝም ቢሆን መቃብሩ፣ ዘመዱና ጠላቱ ሁሉ እዚያው አገር ስለነበር የሚፈራው ነገር ነበረው።

የቤቱ ቅሬታም አልጠፋም። በ1928 ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ትግራይ ግንባር ሲገሰግሱ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከጦሩ ተለይተው ወደ አገራቸው ተመለሱና ሸፈቱ። ራስ እምሩ ጠላትን ፊት ለፊት ሲገጥሙ ከኋላቸው ግዛታቸው እየሾለከ ነበር።

ደምበጫ በ1933

ጣሊያኖች ጎጃም ሲገቡ ራስ ኃይሉ ከነርሱ ጋር ተሰለፉ። የጎጃም ገበሬ ግን በ1930 በሰፊው ተነሣ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀ፣ ልጅ ኃይሉ በለው በየአካባቢው ጦር አቁመው ጠላትን በከተማና በምሽግ ውስጥ አጠሩት።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 በኦሜድላ በኩል ሲገቡ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ወደ ቡሬ ገፋ። የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ የካቲት 27 ከደምበጫ በስተ ምዕራብ ጨረቃ በሚባለው ወንዝ አጠገብ ከጌዴዎን ጦር የኢትዮጵያውያን 2ኛ ሻለቃ ጋር ድንገት ተገናኘ። ቁጥሩ እጅግ የበለጠው የጠላት ጦር ሻለቃውን ጥሶ አለፈ፤ ግን ብዙ ሰው አጣ፣ ልቡም ተሰበረ። ብዙም ሳይቆይ የደምበጫውን ምሽግ ጥሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስንም ለቀቀ። ከተማውን ይዘው የቀሩት ራስ ኃይሉ ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ሲገቡ እጅ ነሥተው ገቡላቸው። የአገሩ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ራሱን የቻለ ኃይል ሆኖ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ያን ቀን ዙፋኑ ጎጃም ውስጥ ያገኘው ዕድል ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አልተገኘም። ገበሬው ለዓመታት በራሱ ስንቅና በራሱ ጠመንጃ ተዋግቶ ንጉሡን ተቀብሏል። ከመንግሥቱ የሚጠብቀው ምስጋናና ርስቱ እንዳይነካበት ነበር።

ተሿሚው አገረ ገዥ

ነሐሴ 1934 የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ አደራጀ። አገረ ገዥው ደመወዝተኛ ሆነ፤ የራሱ ጦር እንዳይኖረው ተከለከለ፤ ግብር ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ ተደረገ። በወረቀት ሲታይ ይህ ትክክለኛ ማሻሻያ ነበር፤ መኳንንት እንደ ግል ንብረታቸው የሚገዙት አገር በሕግ ሊተዳደር ነው።

ጭንቁ የመጣው ከመሬት ግብር ጋር ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የመሬት ግብር ሕግ በጎጃም ከባድ ተቃውሞ ገጠመው፤ ዓመፁ እስከ 1936 ዘለቀ። በ1937 አዲስ አዋጅ ወጥቶ መሬት በጋሻ እየተለካ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ እንዲገብር ተወሰነ። ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግራይ ግን ከልኬቱ ቀሩ፤ እንደ ቀድሞው ልማድ በጅምላ እንዲገብሩ ተተዉ። ገበሬው ቀላዱን፣ ማለትም የመሬት መለኪያውን ገመድ፣ በጠመንጃ መለሰው። ከቀላዱ በስተጀርባ የታየው ነገር ግልጽ ነበር። በደቡብ አገር መሬት በተለካበት ቦታ ገበሬው ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል፤ ጎጃሜው ይህን ያውቅ ነበር።

በ1937 ጥር በላይ ዘለቀና የራስ ኃይሉ ልጅ የነበሩት ልጅ ማሞ ኃይሉ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። የበላይ ሞት በጎጃም ገጠር ውስጥ የፈጠረው ቁጭት እስከ ዛሬ በሽለላና በፉከራ ይሰማል። በአርበኝነቱ ዘመን በየጫካው የተዋደቀው ገበሬ ከዚያ ቀን በኋላ ዙፋኑን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ።

ከነጻነት በኋላ መጀመሪያ የተሾሙት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ራስ ኃይሉ በለው ነበሩ፤ ከእርሳቸው በኋላ ግን የሸዋ ሰዎች ተከታተሉ። የትምህርት ግብር መጣ፣ የጤና ግብር ተከተለ። ከደብረ ማርቆስ ርቆ የሚኖረው ገበሬ ግን ትምህርት ቤቱንም ክሊኒኩንም አላየም። ግብሩ ውዝፍ ሆነ፤ ውዝፉ እየተከመረ ሄደ።

1960

በ1960 መጀመሪያ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ታወጀ። ከመሬቱ ይልቅ ምርቱን የሚያስገብር፣ አሥራትንም የሚተካ፣ ለባለ ብዙ መሬት የሚከብድ ለድሃው የሚቀል ሕግ ነበር። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች የተሻለ ፍትሕ ያሰቡ ይመስለኛል። ችግሩ አፈጻጸሙ ነው። ገማቾች በየማሳው ገብተው ምርቱን ሊገምቱ፣ የባለ መሬቱን ስም በመዝገብ ሊያሰፍሩ ነበር። በጎጃም ደግሞ አንድ ሰው መሬቱ በተለያየ አባት ስም በየቦታው ተበታትኖ ነው የሚያርሰው፤ ዛሬ እርሱ የሚያርሰውን ነገ ዘመዱ በዕጣ ሊወስደው ይችላል። በመዝገብ አንዴ የሰፈረ ስም ርስቱን ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል ብሎ ገበሬው ሠጋ። ሥጋቱ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አልነበረም፤ ከጋሻ ልኬቱ ጀምሮ ያየው ነገር ነበር።

ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከዚያ በፊትም በጠመንጃ ምዝገባ፣ በሹማምንቶቻቸው ጉቦና በማን አለብኝነት ተጠልተው ነበር። ሽማግሌዎች አዲስ አበባ ድረስ ወርደው አቤት ቢሉም መልስ አላገኙም። ከሞጣና ከቢቸና ጀምሮ ገበሬው ገማች አናስገባም አለ፤ እንቢታው ወደ ዳሞት ተስፋፋ። በየአጥቢያው ስብሰባ ተቀመጡ፤ መሪ መረጡ፤ መንገድ ዘጉ። መንግሥት ፖሊስ ላከ፣ ቀጥሎ ጦር ላከ፣ በመጨረሻም አውሮፕላን መንደር ደበደበ። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ለንጉሡ የተዋጉ ሰዎች ነበሩ ከሰማይ የሚመቱት።

ንጉሠ ነገሥቱ ቆይተው አቋማቸውን አላሉ። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ ውዝፉ ዕዳ ተሠረዘ፤ አዲሱ ግብርም በተግባር ቀረ። ገበሬው አሸነፈ፤ መንግሥትም ሰላም አገኘ ተባለ። ነገር ግን ከዚህ በኋላ በጎጃም ገጠር አገረ ገዥነቱ ስሙ ብቻ ነበር የቀረው። ምርትን መገመት የማይችል፣ መሬትን መመዝገብ የማይችል፣ ትምህርት ቤት መሥሪያ ገንዘብ የማይሰበስብ፣ አቤቱታ በጊዜው የማይሰማ ተቋም ምን ሊሠራ ይቀመጣል? ለጎጃም ሰው አንድ ነገር ብቻ አስተምሮ ነበር፤ መንግሥት የሚሰማው ጠመንጃ ሲጮህ ብቻ ነው።

ሮም ላይም እንዲሁ ነበር

የምዕራብ ሮማ መንግሥት የወደቀበት ቀን ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. 476 ነው፤ ኦዶአኬር ወጣቱን ሮሙሉስ አውግስጦስን ከዙፋን ያወረደበት። ብዙ ሰው አረመኔ የሚባሉት ጎሳዎች ከውጭ መጥተው ሮምን አፈረሱት ብሎ ይጨርሳል። አላሪክ እ.ኤ.አ. በ410 ከተማዋን መዝረፉ፣ ቫንዳሎች በ439 ካርታጎን ይዘው የአፍሪካን እህልና ግብር መቁረጣቸው እውነት ነው። ሆኖም ከዚያ በፊት ዲዮቅልጥያኖስ ጦሩን ለመቀለብ ሰውንና መሬትን አስቆጥሮ የግብሩን ቀንበር አክብዶት ነበር፤ ቆስጠንጢኖስ በ332 ባወጣው ሕግ ገባሩ ገበሬ ከሚያርሰው መሬት እንዳይለቅ ታሰረ። በጋሊያ ባጋውዳይ የሚባሉ ዓማፅያን ተደጋግመው ተነሡ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የማርሴዩ ቄስ ሳልቪያን ድሆች ከሮማ ግብር ሰብሳቢ ሸሽተው ወደ ጎቶች ይሄዳሉ ብሎ በምሬት ጽፏል። ዜጋው ጠላት ከሚባለው ዘንድ መጠጊያ ካገኘ ድንበር መጠበቁ ትርጉም ያጣል።

ምሥራቁ ሮም እስከ 1453 መቆየቱም ትምህርት አለው። ሀብታም ከተሞቹና ግብሩ በእጁ ስለቀሩ ጦሩን መቀለብ ቻለ። ምዕራቡ ግን ገቢው ሲጎድል የቀረው ላይ እየጨመረ፣ የቀረው ሲሸሽ ደግሞ እያጣ ሄደ።

1967 እና ከዚያ ወዲህ

በ1966 የነገሌ ቦረና ወታደሮች አመፁ፣ የታክሲ ሾፌሮችና መምህራን አደሙ፣ የወሎ ረሃብ ተጋለጠ። ዙፋኑ ወር በወር ሲፈርስ ብዙኃኑ ገበሬ በዝምታ ተመለከተ። ለንጉሠ ነገሥቱ ሲል የዘመተ የገበሬ ሠራዊት አልታየም። በ1933 በየጫካው የተዋደቀው አገር በ1967 ለምን ዝም አለ ቢባል መልሱ በመካከሉ ባሉት ሠላሳ አራት ዓመታት ውስጥ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዙፋኑን የተካው ወታደራዊው ደርግ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ አወጀ። ለደቡቡ ጭሰኛ ነጻነት ነበር፤ ለጎጃሙ ባለ ርስት ግን ሲፈራው የኖረው ነገር በሌላ ስም መጣበት። የገበሬ ማኅበሩ ጭቃ ሹሙን ተካ። በ1989 ደግሞ የአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲያከፋፍል ባለፈው ሥርዓት ባለሥልጣን ነበሩ ተብለው ቢሮክራት የተባሉ ሰዎች ይዞታ ከአራት ጥማድ እንዳይበልጥ ተቆረጠ፤ ማን ቢሮክራት እንደሆነ የሚወስነው ሌላ፣ የሚከራከርበት ቦታም የሌለ ሆኖ ቅሬታው አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ።

ከ1995 ጀምሮ የሆነው ግን ልብ ሊባል ይገባል። በክልሉ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ሲጀመር ሥራውን የያዘው በየቀበሌው ነዋሪው የመረጠው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ነበር። ገመድ ይዞ ማሳው ላይ ሲወጣ አዋሳኞቹ በአራቱም ማዕዘን ይቆማሉ፤ ድንበሩን ያሳያሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ። የተመዘገበው ለሕዝብ ይፋ ተደርጎ ቅሬታ ይሰማበታል። በመጨረሻ ለባለ ይዞታው የሚሰጠው ደብተር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶ አንድ ላይ ይይዛል። ስንት ደም የፈሰሰበት ልኬት በዚህ መንገድ አለ ጥይት ተከናወነ። ሥራው እንከን የለውም አልልም፤ ጉቦም አድልዎም ታይቶበታል። ነገር ግን የጎጃም ገበሬ መለካትን ብቻውን ጠልቶ እንዳልነበረ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። የጠላው፣ የሚለካው ሰው ለርሱ የማይጠየቅ መሆኑን ነበር።

ስለዚህ ከጎጃም አገረ ገዥነት ታሪክ የምናተርፈው ሥልጣን ለያዘ ሁሉ ይጠቅማል። ከላይ የተሾመ ሰው ግብር መሰብሰብ ይችላል፤ አመኔታ ግን ሊሰበስብ የሚችለው ለሚያስገብረው ሕዝብም ሲጠየቅ ነው። አቤቱታን በጊዜው የሚሰማ ወረዳ፣ ግብር የሚውልበትን ለነዋሪው የሚያሳይ አስተዳደር፣ ነዋሪው የመረጠው ኮሚቴ ያለበት ቀበሌ ለደምበጫ ገበሬ የሚሰጡት ዋስትና ከየትኛውም የጦር ምሽግ ይበልጣል። ጎጃም በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ንጉሥን፣ ራስን፣ ወራሪን፣ ተሿሚንና ደርግን አይቶ ሁሉንም ተሰናብቷል። ቀጥሎ የሚመጣው አስተዳደር እንዲጸና የሚፈልግ ሰው ከደብረ ማርቆስ ቢሮ በፊት የገበሬውን ሸንጎ ማጽናት አለበት።